«ናሳ» ሲባል ምን ማለት ነው? የአንድ ቃል ታሪክ፣ ከሰባት ቤት እስከ ምርመራ ወረቀት



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ አንድ ቃል ነው። በዕብራይስጥ «ናሳ» ይባላል፤ ለሴት ሲሆን «ናሳኢት»። በአማርኛ «ተሸካሚ» ብለን እንተረጉመዋለን። ስለ ዘር ውርስ የሚመክሩ ሐኪሞች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ተራ ቃል ነው። በእኛ ዘንድ ግን ይህን ቃል ሰምቶ የማይደነግጥ ሰው ጥቂት ነው። የድንጋጤው ምክንያት አላዋቂነት አይደለም፤ ቃሉ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ መንገዱን ከመነሻው እንከተለዋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ወደ ማኅበራችን ቢሮ መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ወረቀት ፈተው «ልጆቼ፣ እስቲ ይህን አንብቡልኝ» አሉን። ወረቀቱ የነፍሰ ጡር ልጃቸው የደም ምርመራ ውጤት ነበር። ልጃቸው ታላሴሚያ ለሚባለው የደም ሕመም «ናሳኢት» መሆኗን ይናገራል። እናትዮዋ ቃሉን በስልክ ከሰሙ አራት ቀን ሆኗቸው ነበር። በእነዚያ አራት ቀናት የልጃቸውን ስኒና ሳህን ለብቻ አድርገዋል፤ የእኅቷንም ሕፃን እንዳታቅፍ ከልክለዋል። «ናሳ ናት ሲሉኝ፣ እግዚአብሔር ነሣኝ ነው ያልኩት» አሉ። ልጅቱም ምንም ሳትናገር የተለየላትን ስኒ ተቀብላ ስትጠጣበት ሰንብታለች።

ወረቀቱን አንብበን ስንጨርስ ልናስረዳቸው ሞከርን። ሆኖም ለማስረዳት ስንጀምር እኛም ራሳችን ቃሉን በሚገባ እንዳልለየነው ተገነዘብን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው።

ቃሉ በሦስት ቋንቋ

ቄሶቻችን ኦሪትን ያነበቡት በግዕዝ ነው። በግዕዝ «ነሥአ» ማለት ወሰደ፣ ተቀበለ ማለት ነው። ሰው ሚስት ሲያገባም «ነሥአ» ይባላል። የዕብራይስጡ «ናሳ» ከዚሁ ሥር የወጣ የእኅት ቋንቋ ቃል ነው፤ አነሣ፣ ተሸከመ፣ ወሰደ የሚል ትርጉም አለው። በዕብራይስጥ ጋብቻ «ኒሱኢን» የሚባለው፣ የአገሪቱም ርእሰ ብሔር «ናሲ» የሚባለው ከዚህ ሥር በወጣ ቃል ነው። በአማርኛችንም ሥሩ አልጠፋም። «አነሣ»፣ «ተነሣ»፣ «ትንሣኤ» ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ችግሩ አማርኛ ከዚሁ ሥር ሌላም ልጅ መውለዱ ነው፤ «ነሣ»። ነሣ ማለት ከለከለ፣ አሳጣ ማለት ነው። «እንቅልፍ ነሣኝ»፣ «ጤና ነሣኝ»፣ «ልጅ ነሣኝ» እንላለን። የዕብራይስጡ «ናሳ» ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ከዚህ ቃል እጅግ የቀረበ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ «ተሸክማለች» ሲል፣ እናትዮዋ የሰሙት «ተነሣች» የሚለውን ነበር፤ ያውም ጤናን፣ ልጅን፣ ዕድልን መነሣት። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ባይሆኑ ኖሮ ይህ ስሕተት ባልተፈጠረ ነበር።

ይሁንና ከጆሮ ስሕተት የከበደ ሌላ ነገር አለ። «ናሳ» የሚለው ቃል በሕክምና ውስጥ ሁለት ፈጽመው የማይገናኙ ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው የጀርም ተሸካሚ ነው። ሁለተኛው የጂን ተሸካሚ ነው። በዕብራይስጥም፣ በእንግሊዝኛም፣ በአማርኛም ለሁለቱ ያለው ስም አንድ ነው።

የጀርም ተሸካሚ

መጀመሪያ የታወቀው ሰው ሳይታመም የሌላውን በሽታ ሊያስተላልፍ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ስለ ታይፎይድ ሲመራመር፣ ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች የበሽታውን ጀርም በሆዳቸው ይዘው እንደሚዞሩ አሳወቀ። ከዚህ በኋላ «ጤናማ ተሸካሚ» የሚለው አነጋገር በሐኪሞች ዘንድ ተለመደ።

ቃሉን ከሐኪም ቤት አውጥቶ ወደ ሕዝብ አፍ ያስገባው ግን የአንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛ ታሪክ ነው። ሜሪ ማለን የተባለች ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የተሰደደች ሴት በኒው ዮርክ በየሀብታሙ ቤት ምግብ ታበስል ነበር። በሠራችባቸው ቤቶች ታይፎይድ እየተከታተለ በመነሣቱ በ1907 ተይዛ በደሴት ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች። በ1910 ምግብ እንዳታበስል ተነግሯት ተለቀቀች። እንደገና ስታበስል በመገኘቷ በ1915 ተመልሳ ተያዘች፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1938ም በዚያው ቀረች። ይህች ስደተኛ ሴት ራሷ አንድም ቀን የታመመች አይመስላትም ነበር። ስሟ ግን በጋዜጣ «ታይፎይድ ሜሪ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ተሸካሚ» የሚለው ቃል በብዙ ሰው ልብ ውስጥ «ተጠንቀቀው፣ አትቅረበው» የሚል ጥላ ይዞ ይኖራል።

ይህ ጥላ በእኛም ላይ አርፏል። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1996 አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የሚለግሱት ደም ለዓመታት በምስጢር ሲጣል መቆየቱን አወጣ። ልጆቻችን በየጦር ሠራዊቱና በየትምህርት ቤቱ እጃቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም፣ ምስጋና ከተሰጣቸው በኋላ ወደ ቆሻሻ ይጣል ነበር። የተሰጠው ምክንያት የኤች አይ ቪ ፍራቻ ነበር። ጥር 28 ቀን ብዙ ሺህ ሰዎቻችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ጮኹ። ሰልፉም ከፖሊስ ጋር በመጋጨት አበቃ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የተመራ ኮሚቴ ነገሩን እንዲመረምር ተሾመ።

በእነዚያ ሳምንታት በሬዲዮውም በቴሌቪዥኑም ደጋግሞ የተሰማው ቃል «ናሳ» ነበር፤ የቫይረሱ ተሸካሚ ለማለት። ዕብራይስጥ ገና በቅጡ ያልለመዱ አባቶችና እናቶች ቃሉን የተማሩት በኡልፓን አይደለም፤ በዚያ ዜና ነው። ሐኪሙ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ታላሴሚያ ሲናገር፣ ጆሯቸው ወደዚያ ጥር ወር ቢመልሳቸው ማን ይፈርድባቸዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰውም ቢሆን ስኒው የሚለይበት ምክንያት የለም። ቫይረሱ በስኒ፣ በሳህን፣ በመሳሳምና በመተቃቀፍ አይተላለፍም። መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋም እንደማያስተላልፍ ዛሬ በጥናት ተረጋግጧል። እንግዲህ በዚያች ልጅ ቤት ሁለት ስሕተት ነበር። የመጀመሪያው ጂንን ከጀርም መቀላቀል ነው። ሁለተኛው ጀርሙ ቢኖር እንኳ በማይተላለፍበት መንገድ መፍራት ነው።

የጂን ተሸካሚ

አሁን ወደ ሁለተኛው ትርጉም እንምጣ። ሰው ከእናቱና ከአባቱ የሚወርሰው መልክና ጠባይ፣ የደሙ ዓይነትና የአጥንቱ ርዝመት የተጻፈበት ነገር ጂን ይባላል፤ በአማርኛ ዘረመል የሚሉትም አሉ። አብዛኞቹ ጂኖች በጥንድ የሚገኙ ናቸው። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ነው።

የዚህን ነገር ሕግ ያገኘው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ ነው። በዛሬዪቱ ቼክ አገር በብርኖ ከተማ በገዳሙ አትክልት ቦታ ውስጥ አተር እየዘራ ለዓመታት ቆጠረ። ውጤቱንም በ1866 አሳተመ። ድቡልቡል አተር ከሚሰጥ ዘርና የተጨማደደ አተር ከሚሰጥ ዘር ሲያዳቅል፣ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። የተጨማደደው ጠፋ የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን እነዚያን ድቡልቡሎች እርስ በርሳቸው ሲያዳቅል፣ በሚቀጥለው ትውልድ ከአራት አንድ ያህሉ ተጨማዶ ወጣ። እንግዲህ የተጨማደደው ጠባይ አልጠፋም ነበር። በድቡልቡሉ አተር ውስጥ ተሸፍኖ ይጓዝ ነበር። «የጂን ተሸካሚ» ማለት ይኸው ድቡልቡል አተር ነው። መልኩ ሙሉ ነው፤ በውስጡ ግን ያልታየ ሌላ ነገር አለ።

በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከጥንዱ አንዱ ጂን ጉድለት ቢኖረው፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሥራውን ይሠራል። ሰውየው አይታመምም፤ ወደፊትም አይታመምም። ወደ ጎረቤት፣ ወደ ባል፣ ወደ ሚስት፣ ወደ እኅት ልጅ የሚያስተላልፈው አንዳች ነገር የለውም። ጂን ከወላጅ ወደ ልጅ እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም። ተሸካሚነቱ ቁም ነገር የሚሆነው ሌላኛው ወላጅ የዚያው የአንዱ ሕመም ተሸካሚ ሆኖ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ከሁለቱም ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት ሁለት ነው። ፈጽሞ ነጻ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህ ቁጥር በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጀምራል። «የመጀመሪያው ልጅ ስለ ታመመ የሚቀጥሉት ሦስቱ ይድናሉ» የሚል ስሌት የለም።

ከዚህ የሚለይ አንድ ዓይነት ውርስም አለ፤ እናት ብቻዋን ተሸካሚ ሆና ወንዶች ልጆቿ የሚታመሙበት። ደም አልረጋ የሚልበት ሕመም፣ ሂሞፊሊያ፣ ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህን የራቢዎች መጻሕፍት ስሙን ሳያውቁት ያውቁት ነበር። በታልሙድ፣ የባሞት በተባለው ክፍል፣ ልጆቿ ተገርዘው የሞቱባት እናት ቀጣዩ ልጇ እንዳይገረዝ ተወስኗል። ክርክሩ ከሁለት ሞት በኋላ ነው ወይስ ከሦስት በሚለው ላይ ነበር። እዚያው የአራት እኅትማማቾች ነገር ተነሥቷል። የሦስቱ ልጆች በግርዛት ከሞቱ በኋላ አራተኛይቱ ወደ ራቢ ቀርባ እንዳትገርዝ ተነግሯታል። እነዚያ ሊቃውንት ነገሩ በሴቶቹ በኩል እንደሚሄድ አስተውለዋል። በአሜሪካ ጆን ኦቶ የተባለ ሐኪም ይህንኑ በ1803 ጻፈው፤ ሴቶቹ ሳይታመሙ ለወንዶች ልጆቻቸው እንደሚያስተላልፉ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያም የዚህ ጂን ተሸካሚ ነበረች። ልጇ ሊዮፖልድና የሩሲያው አልጋ ወራሽ የልጅ ልጇ ልጅ አሌክሲ ታመሙበት። ተሸካሚነት ዘውድ ከድሃ እንደማይለይ ከዚህ ይታያል።

እውነቱን ለመናገር ተሸካሚ ያልሆነ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ማንም ሰው ቢሆን ጉድለት ያለባቸው ጥቂት ጂኖች በውስጡ ተሸፍነው ይገኛሉ። ልዩነቱ የትኛውን እንደ ተሸከመ በምርመራ ያወቀና ያላወቀ መኖሩ ነው።

በአገራችን የነበረው የተገላቢጦሽ ስሕተት

እኛ ዛሬ ጂንን ከጀርም እንቀላቅላለን። በአገራችን ሳለን ደግሞ ጀርምን ከዘር እንቀላቅል ነበር። ይህንንም ሳንሸፋፍን እንናገር።

ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ዝምድናን ብቻ አልነበረም። «በዘሩ ቁምጥና አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። አለ ከተባለ ጋብቻው ይቀራል። ሴት ልጅ አያቷ በቁምጥና ስለ ሞቱ ብቻ ሳትዳር ትቀራለች። ይህ እምነት በክርስቲያኑም በእስላሙም በእኛም ዘንድ የነበረ ነው። ሆኖም ቁምጥና የዘር ሕመም አይደለም። የኖርዌዩ ሐኪም አርማውር ሃንሰን በ1873 ሕመሙን የሚያመጣውን ጀርም አግኝቷል። ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት የተባለው ማዕከልም ለዚሁ ሕክምናና ሥልጠና ተብሎ የቆመ ነው። በስንት ቤት ላይ በከንቱ የተዘጋ የጋብቻ በር እንደ ነበረ አስቡት።

በእኛ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች በመሆናችን «ቡዳ» ተብለናል። ቡዳነት በዘር የሚወረድ፣ በዓይን ሌላውን የሚበላ ነገር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ልብ በሉ፤ በዚህ በአንድ ስድብ ውስጥ ሁለቱም ተሸካሚነት ተቀላቅሏል። ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ይባላል፤ ደግሞም ጎረቤትን ይይዛል ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ የለም። ነገር ግን ስሙ በቂ ነበር፤ ሰው ተገድሎበታል፣ መንደር ተሰዶበታል። የቃል መደባለቅ ምን እንደሚያደርስ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ ሊኖር አይገባም። ስለዚህ ነው ስኒ የተለየላት ልጅ ነገር ከልብ ያሳዘነን።

ሌሎች ሕዝቦች ምን ገጠማቸው?

ይህ ስሕተት በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ሲክል ሴል የሚባል የደም ሕመም በጥቁሮች ዘንድ በብዛት ይገኛል። በ1949 ሕመሙ ከሁለት ተሸካሚ ወላጆች እንደሚወረስ ታወቀ። በ1972 መንግሥት ለምርመራው ሕግ አውጥቶ ገንዘብ መደበ። ዓላማው መልካም ነበር። አፈጻጸሙ ግን ተጣደፈ፤ ተሸካሚውን ከታማሚው የሚለይ ትምህርት በቅድሚያ አልተሰጠም። ጤነኛ ሰዎች ሥራ ተከለከሉ፣ የኢንሹራንስ ዋጋ ተጨመረባቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ተሸካሚ ወጣቶችን አልቀበልም ማለቱን የተወው በ1981 ነው።

በሳይንሱ በኩል ግን የሲክል ሴል ነገር ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። አንቶኒ አሊሰን በኬንያ ያደገ ሐኪም ነው። በ1954 ባወጣው ጥናት የዚህ ጂን ተሸካሚዎች ከወባ ሞት የሚጠበቁ መሆናቸውን አሳየ። ጂኑ ወባ ባለባቸው ቆላዎች የበዛው፣ ወባ ብዙ በማይደርስበት በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። ሸክም ያልነው ነገር ለብዙ ትውልድ ጋሻ ነበር ማለት ነው። ታላሴሚያም እንዲሁ ወባ በነበረባቸው አገሮች በዝቶ ይገኛል።

በግሪክ አገር ኦርኮሜኖስ በምትባል ስፍራ በዚያው ዘመን ሕዝቡ ሁሉ ተመርምሮ ነበር። ሐሳቡ ተሸካሚዎች እርስ በርስ እንዳይጋቡ ነበር። የሆነው ግን ተሸካሚ የተባሉት በጋብቻ ገበያ መናቃቸው ነው። ውጤቱን እስከ መደበቅ የደረሱ ነበሩ። በዚህም ተሸካሚና ተሸካሚ ሳይተዋወቁ መጋባታቸው አልቀረም።

ነገሩን በጥበብ የያዙትም አሉ። ቴይ ሳክስ የሚባል ሕመም በአሽከናዚ አይሁድ ዘንድ በብዛት ይታያል። ከሠላሳ ሰዎች አንዱ ያህል ተሸካሚ ነው። ሕፃኑ ጤነኛ መስሎ ይወለድና በግማሽ ዓመቱ ገደማ መድከም ይጀምራል። ዓይኑ ይጠፋል፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። በ1971 ማይክል ካባክ የተባለ ሐኪም በባልቲሞርና በዋሽንግተን አካባቢ በየምኩራቡ ምርመራ ጀመረ። አስቀድሞ ራቢዎችን አማከረ፤ ሕዝቡን አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ ደም ቀዳ። ከጊዜ በኋላ በሰሜን አሜሪካ አይሁድ ዘንድ በዚህ ሕመም የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ከዘጠና በመቶ በላይ ቀነሰ።

በ1983 ደግሞ አራት ልጆቹ በዚህ ሕመም የሞቱበት ራቢ ዮሴፍ ኤክስታይን በኒው ዮርክ «ዶር የሻሪም» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በዚህ ድርጅት የሚመረመር ወጣት ስሙ ሳይሆን ቁጥር ይሰጠዋል። ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ቁጥር ይቀርባል። መልሱም «ትስማማላችሁ» ወይም «አትስማሙም» ነው። ማን ተሸካሚ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለማንም አይነገርም። ይህ አሠራር አይበጅም፣ ሰው ስለ ራሱ ማወቅ አለበት የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ነገር ግን ራቢው ያየው ነገር እውነት ነው፤ በሰው ላይ «ተሸካሚ» የሚል ስም ሳይለጠፍበትም ሕመሙን መከላከል ይቻላል።

ሰባት ቤት

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በእኛ ሥርዓት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ያላቸው አይጋቡም። ልጁ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። ካላወቀም ሽማግሌ ይቆጥርለታል። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘር ካልቆጠሩ ጋብቻ አይጸናም። በአማራው ክርስቲያንም ዘንድ ይህ ሥርዓት አለ። ወደ እስራኤል ስንመጣ በሌሎች ወገኖቻችን ዘንድ የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ሲጋባ አይተን ሽማግሌዎቻችን ደንግጠው ነበር። ወጣቶቻችን ደግሞ ይህን ድንጋጤ ኋላ ቀርነት አድርገው የቆጠሩበት ጊዜ ነበር።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ አያት የአንድ ሕመም ጂን ተሸካሚ ነበሩ እንበል። ልጃቸው ያንን ጂን የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ከአራት አንድ። ሁለት የአጎትማማች ልጆች ቢጋቡ፣ ሁለቱም ያንን ጂን ይዘው የመገኘት ዕድላቸው ከ16 አንድ ነው። የሚወለደው ልጅ በዚያ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ64 አንድ ይሆናል። አሁን ተጋቢዎቹ የሚገናኙት በሰባተኛው ቤት ላይ ባሉ አንድ አባት ነው እንበል። በዚያ በኩል ያንን ጂን እያንዳንዳቸው የመውረስ ዕድላቸው ከ128 አንድ ነው። ልጁ ከዚያው ምንጭ የመታመም ዕድሉ ደግሞ ከ65,536 አንድ ይሆናል። ከ64 ወደ 65,536!

አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ያቆሙት ጂንን አውቀው ነው አንልም። ዝምድናን ለማክበርና ቤተሰብን ከቤተሰብ ለማጋመድ ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ ሳይነገርለት ይህንንም ሠርቷል። ደግሞም ከልክ በላይ አናወድሰው። ሰባት ቤት መቁጠር ተሸካሚነትን አያጠፋም። የማይዛመዱ የሚመስሉ ሁለት ሰዎችም የአንድ ጂን ተሸካሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በተለይ ዛሬ ልጆቻችን ከልዩ ልዩ ወገን ጋር ሲጋቡ፣ ሽማግሌው ሊቆጥረው የማይችለውን ምርመራው ይቆጥረዋል። ስለዚህ ምርመራውና ሰባት ቤት ተቀናቃኞች አይደሉም። አንዱ የሌላውን ሥራ ይቀጥላል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የአማርኛው ተረት። ዘር የሚስበውን ማወቅ ግን በእጃችን ነው።

እንግዲህ ምን እንበል?

ያችን እናት አስቀምጠን ቡና ካቀረብን በኋላ ነገሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር አሳጠርነው። አንደኛ፣ ልጅዎ አልታመመችም፤ ከዚህም የተነሣ አትታመምም። ሁለተኛ፣ ያላት ነገር ከእርስዎ ወይም ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ ለማንም በመንካት አትሰጠውም። ሦስተኛ፣ ባሏ ይመርመር፤ እርሱ ተሸካሚ ካልሆነ ልጃቸው በዚህ ሕመም አይሠቃይም። ሐኪሙም ይህን ማለቱ ነበር። ያለውን ግን ያሳጠረው በአንድ ቃል ነው፤ ያ ቃል ደግሞ ቁስል ላይ ያረፈ ቃል ነበር።

ከዚህ ተነሥተን ለአንባብያን የምንለው ይህን ነው። «ናሳ» የሚል ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ «የምን?» ይሁን፤ የጂን ነው ወይስ የጀርም? ምርመራው በአማርኛ እንዲተረጎም መጠየቅ መብት ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም። ልጆች ለወላጆቻቸው ሲያስተረጉሙ «በሽታ አለባት» ከማለት «ከዘር የወረሰችው አለ፣ እርሷን ግን አያማትም» ቢሉ ይሻላል። የታላሴሚያ ተሸካሚ የሆነ ሰው የደሙ ሴሎች ትንንሽ ሆነው ስለሚታዩ የብረት ማነስ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ውጤቱን ደብቆ ከማስቀመጥ ለሐኪሙ ማሳየት ይጠቅማል። በእስራኤል በ2000 የወጣው የዘር መረጃ ሕግ ደግሞ አሠሪና ኢንሹራንስ የሰውን የጂን ውጤት ለጉዳቱ እንዳይጠቀሙበት ይከለክላል። ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ለሐኪሞችና ለአስተርጓሚዎችም የምንለው አለን። በዚህ ሕዝብ ፊት ይህን ቃል ስትናገሩ የ1996ን ጥር አስታውሱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶቻችን፤ ቃል ከወጣ በኋላ አይመለስም።

እናትዮዋ ቡናቸውን ጨርሰው ተነሡ። ወረቀቱን እንደ ቀድሞው ከነጠላቸው ጫፍ አልቋጠሩትም፤ አጥፈው በቦርሳቸው ከተቱት። በር ላይ ደርሰው ዞር አሉና «ስኒውን ከሌሎቹ ጋር እመልሰዋለሁ፤ ግን ያን አራት ቀን ምን ልበላት?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ሌላ እናት እንዳትጠይቀው ግን ይህን ጻፍን።